ሽመልስ በቀለ፦ ዐሥር ዓመት በሰው ሜዳ

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ሐሙስ። ኢትዮጵያ በሜዳዋ ግብፅን ታስተናግዳለች። «ሜዳዋ» የተባለው ግን ማላዊ ውስጥ ነው፤ ሊሎንግዌ፣ ቢንጉ ብሔራዊ ስታዲየም። ካፍ የባሕር ዳር ስታዲየምን ደረጃውን አያሟላም ብሎ ካገደው ወዲህ ዋልያዎቹ የቤታቸውን ጨዋታ በሰው ቤት ነው የሚያደርጉት።

አዲስ አበባ ላይ ቴሌቪዥን ያለው ሻይ ቤት ሁሉ ሞልቶ ነበር ማለት ውሸት ይሆናል። ቡድኑ ከአራት ቀን በፊት እዚያው ሊሎንግዌ ላይ በማላዊ 2 ለ 1 ተሸንፏል፤ ግብፅ ደግሞ ያው ግብፅ ናት። ሞሐመድ ሳላህ በጉዳት ምክንያት አለመሰለፉ እንኳ ለብዙዎች ተስፋ አልሰጠም። ሻይ አዝዞ የተቀመጠው ሰው «ስንት ይገባብን ይሆን?» እያለ ነው የተቀመጠው። ዳዋ ሆቴሳ የመጀመሪያውን ሲያስቆጥር ብርጭቆ የያዘውም ያልያዘውም ብድግ አለ። መንገደኛው በበሩ አንገቱን እያስገባ ውጤት ይጠይቅ ጀመር። ከዕረፍት በፊት ሁለተኛው ተጨመረ። ያስቆጠረው ሽመልስ በቀለ ነበር።

ጨዋታው በዚያው 2 ለ 0 አለቀ። ደቡብ ኮሪያ በወዳጅነት ጨዋታ 4 ለ 1 ስትደግማቸው የግብፁ አሰልጣኝ ኢሃብ ጋላል ከኃላፊነታቸው ተነሡ። እኛ ዘንድ የጎሉ ምስል ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ጎሉን ያገባው ሰው ግን የዓመታት እንጀራው የግብፅ እንጀራ ነበር። ልምምዱ፣ ደመወዙ፣ የቤት ኪራዩ፣ የሥራ ባልደረቦቹ እዚያው ነበሩ። በብሔራዊ ቡድን ማሊያ ካየነው በኋላ እስከሚቀጥለው ጥሪ ድረስ የት እንደሚሄድና ምን እንደሚሠራ የጠየቅን ስንቶቻችን ነን?

«ስሙን ሁሉም ያውቃል፤ የሥራ ቦታውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።»

ከሐይቁ ዳር

ሽመልስ የሀዋሳ ልጅ ነው። ለእግር ኳስ ተከታይ ይህ ብቻውን ብዙ ይናገራል።

ሐይቁ ላይ ጉሙ ሳይገፈፍ፣ አሞራ ገደል ላይ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን እያራገፉ ሳለ፣ በየሰፈሩ ሜዳ ሌላ ሥራ ተጀምሯል። ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ሠላሳ የሚሆኑ ልጆችን በሁለት ረድፍ ያሯሩጣል። ኮን ከሌለ ድንጋይ ይደረደራል፤ ቡድን ለመለየት ግማሾቹ ማሊያቸውን ገልብጠው ይለብሳሉ። «ፕሮጀክት» የሚባለው ይህ ነው። አሰልጣኙ ብዙ ጊዜ ደመወዝ የለውም፤ ቀን ላይ ሌላ ሥራ ይሠራል። ታኬታ ያለው ልጅ ለሌለው ያካፍላል፤ አንዱ ቀኙን፣ ሌላው ግራውን አጥልቆ የሚጫወትበት ቀን አለ። በግራ እግሩ የሚመታ ልጅ በዚህ ክፍፍል ዕድለኛ ነው፤ ግራውን የሚሻማው የለም።

እንዲህ ያለ ሜዳ ምን ዓይነት ተጫዋች እንደሚያወጣ መገመት አይከብድም። መሬቱ ጎርባጣ ነው፣ ቦታው ጠባብ ነው፣ በአንድ ጎን ሃያ ልጅ ሊሰለፍ ይችላል። ኳስ እግሩ ሥር ሳትገባ ዙሪያውን ያላየ ልጅ ይቀማል። ስለዚህ የሀዋሳ አማካይ ሲባል አሰልጣኞች በአእምሯቸው የሚስሉት አንድ ዓይነት ሰው ነው፦ አጠር ያለ፣ ቀልጠፍ ያለ፣ መሬት ለመሬት የሚያቀብል፣ ሲገፉት የማይወድቅ። የከተማዋ ክለብ ሀዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ከአዲስ አበባ ክለቦች ነጥቆ የወሰደው በዚሁ ዓይነት ጨዋታ ነው። የብሔራዊ ቡድኑ ተጫዋች አዳነ ግርማም ከዚሁ ከተማ ነው የወጣው።

ሽመልስ ከሀዋሳ ከተማ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሲመጣ የሄደበት መንገድ ማንም ጎበዝ የክልል ልጅ የሚሄድበት ነበር። ጊዜው ግን ጥሩ ጊዜ ሆነለት። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. የአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ብሔራዊ ቡድን ካርቱም ላይ 5 ለ 3 የተሸነፈበትን ውጤት አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ ባስቆጠሯቸው ጎሎች ቀለበሰው፤ 2 ለ 0። ከ31 ዓመት በኋላ ኢትዮጵያ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች። ያን ሌሊት ከተማው እንዴት እንዳደረ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። በጥር ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ስንወጣ፣ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ስንመታ፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ስንመለስ ሽመልስ ከቡድኑ ጋር ነበር።

በዚያ ቡድን ውስጥ ከውጭ የመጡት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሳላዲን ከግብፁ ዋዲ ዴግላ፣ ዩሱፍ ሳላህ ከስዊድን፣ ፉአድ ኢብራሂም ከአሜሪካ። የኋለኞቹ ሁለቱ በዲያስፖራ ያደጉ ናቸው። ከሀገር ቤት ሜዳ ተነሥቶ ውጭ የሚጫወት ሲባል ሳላዲን ብቻ ነበር የሚጠቀሰው። የደቡብ አፍሪካው ውድድር ግን ለወኪሎች ገበያ ነው። ከዚያ በኋላ ጌታነህ ከበደ ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ አቀና። ሽመልስ ደግሞ የትሪፖሊውን አል ኢቲሃድ ተቀላቀለ። ሊቢያ በዚያ ዘመን ማንም እግር ኳስ ተጫዋች «ሕይወቴን እዚህ እመሠርታለሁ» የሚልበት አገር አልነበረም። በ2006 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ ወደ ግብፅ ተሻገረ። እዚያ ቆየ።

መሥሪያ ቤት ያለው ክለብ

ግብፅ ሲባል ለእኛ ሰው ሁለት ክለብ ነው፤ አል አህሊና ዛማሌክ። የተቀረው «ሌላ» ነው። ሽመልስ ግን ኑሮውን የሠራው በዚህ «ሌላ» ውስጥ ነው። ስለዚህ ወደ ውስጡ ገባ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

መጀመሪያ የተጫወተበት ፔትሮጄት የነዳጅ ዘርፍ የግንባታ ኩባንያ ክለብ ነው፤ መቀመጫውም ሱዌዝ ናት። ቀጥሎ የመጣው ምስር ለል መቃሳ የአክሲዮን ግብይት ሒሳብ የሚያጣራና ሰነድ የሚያስቀምጥ ኩባንያ ክለብ ሲሆን፣ ቤቱ ከካይሮ ደቡብ ምዕራብ ያለችው ፋዩም ናት። ኤል ጎውና በቀይ ባሕር ዳር፣ ሁርጋዳ አጠገብ፣ ለቱሪስት ተብላ የተሠራች ከተማ ክለብ ነው። ኤንፒ ደግሞ የነዳጅ ምሕንድስና መሥሪያ ቤት ነው። አራቱም ካይሮን ቀጥ አድርገው የሚያቆሙ ደጋፊዎች የሏቸውም። ያላቸው በጀት ነው።

ይህ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ነገር አይደለም። እኛም ዘንድ የመከላከያ፣ የባንክ፣ የመብራት ኃይል፣ የከተማ አስተዳደር ክለብ አለ። ክለቡ የሚኖረው ከትኬት ሽያጭ ሳይሆን ከመሥሪያ ቤቱ ካዝና ነው። የሥራ አመራር ሲቀየር የክለቡም ዕጣ ይቀየራል። ልዩነቱ የግብፁ ካዝና ከፍ ያለ መሆኑ፣ ሊጉ ደግሞ ብርቱ መሆኑ ነው። መካከለኛው ክለብ እንኳ በየዓመቱ ከአህሊና ከዛማሌክ ጋር ይጋጠማል። የአፍሪካን ዋንጫ ያነሡ ተከላካዮች አጠገብህ ይሰለፋሉ።

በሩን የከፈተው ሳላዲን ነው። ዋዲ ዴግላ ገና ወጣት ክለብ ሳለ፣ ባለቤቱ ማጌድ ሳሚ የቤልጂየሙን ሊርስንም ይዞ ስለነበር ሳላዲን በዚያ ቀዳዳ አውሮፓን ቀምሶ ተመለሰ። ኋላም አል አህሊ ወሰደው፤ ከዚያም የአልጄሪያው ኤምሲ አልጀር። እንደ ሳላዲን ያለ አጥቂ የግብፅን ተከላካይ ሲያስጨንቅ ያየ የክለብ ሹም «ከእነዚህ ሌላ አለ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ አይገርምም። አጥቂው ኡመድ ኡኩሪና ሽመልስ የዚያ ጥያቄ መልስ ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የውጭ ተጫዋች ቦታ ግን ጠባብ ነው። በግብፅ ሊግ እያንዳንዱ ክለብ የሚያስመዘግበው የውጭ ዜጋ ቁጥር የተገደበ ነው። ከዚህ ቦታ አንዱን የያዘ ሰው ከጎረቤቱ እኩል ከተጫወተ አልበቃም፤ በልጦ መገኘት አለበት። አጥቂ ከሆነ በጎል ይቆጠርለታል፤ ቁጥሩ ራሱ ይሟገትለታል። አማካይ ግን ሥራው በወረቀት ላይ አይወጣም። አንድ አሰልጣኝ ይሄዳል፣ ሌላ ይመጣል፣ አዲሱ ደግሞ «የራሴን ሰው» ይላል። በዚህ ሁሉ መካከል ከአንድ ክለብ ወደ ሌላው እየተሻገሩ ዓመታት በሊጉ መቆየት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ የሚያውቀው የሞከረ ብቻ ነው።

«አማካይ ሥራው በወረቀት ላይ አይወጣም። አዲሱ አሰልጣኝ ደግሞ ‹የራሴን ሰው› ይላል።»

ባዶ ወንበሮች

ጥር 2004 ዓ.ም. ፖርት ሰዒድ ላይ ከ70 በላይ የአል አህሊ ደጋፊዎች በስታዲየም ውስጥ ሞቱ። ሊጉ ተቋረጠ። ሲመለስ ያለ ተመልካች ተመለሰ። በ2007 ዓ.ም. የካቲት መባቻ ደግሞ ካይሮ ላይ ሃያ የሚሆኑ የዛማሌክ ደጋፊዎች ስታዲየም መግቢያ ላይ ሕይወታቸው አለፈ፤ ሊከፈት የነበረው በር እንደገና ተዘጋ። ሽመልስ ግብፅ የገባው በዚህ መካከል ነው።

እንግዲህ ቅዱስ ጊዮርጊስን ለብሶ አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ የተጫወተን ሰው አስቡት። ከግራ ጥላ ፎቅ እስከ ካታንጋ የሚዘምረው ሕዝብ፣ ከበሮው፣ ስድቡም ጭምር። ከዚያ ተነሥቶ ሱዌዝ ይወርዳል። ስታዲየሙ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ቡድኖች፣ ዳኞቹ፣ ፖሊሶቹ፣ የቴሌቪዥን ባለሙያዎቹና ጥቂት የክለብ ሹማምንት ናቸው። ኳስ ስትመታ የምትሰጠው ድምፅ በወንበሮቹ ላይ ያስተጋባል። የአሰልጣኙ ጩኸት ከዳር እስከ ዳር ይሰማል። «ሺማል! የሚን! ያላ!» ዐረብኛ የማይችል ተጫዋች ግራና ቀኙን በሳምንቱ ይለምዳል፤ ለምን እንደተሰደበ ለማወቅ ግን ወራት ይፈጅበታል።

ውጭ ተጫውተው የተመለሱ ሰዎች ስለዚህ ሲያወሩ አንድ ነገር ደጋግመው ያነሣሉ። ተመልካች ያለበት ሜዳ ላይ ደካማ ቀንህን ሕዝቡ ይሸከምልሃል፤ ወይ ያጣድፍሃል፣ ወይ ያበረታሃል። ባዶ ሜዳ ላይ ግን ልብህን የሚያነሣው አንተው ብቻ ነህ። ከእኛ ሰፈር የሄደ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው ይላሉ፤ በጉልበትም በችሎታም ከመሰበሩ በፊት።

የቀረው ኑሮ ነው። በበጋ ሙቀቱ ስለማያስችል ጨዋታው ማታ ነው። በረመዳን ሰዓቱ ሁሉ ይገለበጣል፤ ልምምድ ከኢፍጣር በኋላ፣ እንቅልፍ ደግሞ ንጋት ላይ። ክርስቲያኑም ተጫዋች በዚያው ሰዓት ነው የሚያድረው። ፉል እንደ ሀገር ቤት በየማዕዘኑ አለ፤ እንጀራ የፈለገ ግን ወደ ካይሮ ይወጣል። ሐበሻ በሚበዛባቸው እንደ አርድ ኤል ሊዋ ያሉ ሰፈሮች ጤፍና በርበሬ አይጠፋም። እዚያ የሚገኘው ኢትዮጵያዊ ደግሞ አብዛኛው ስደተኛ ነው፤ ወረቀት የሚጠብቅ፣ ቤት የሚያጸዳ፣ ባሕር የማቋረጥ ሐሳብ ያለው። በሕጋዊ ውል፣ በክለብ ቤት የሚኖር ሰው በዚያ ሰፈር ሲገኝ የሚሰማው ስሜት ምን እንደሆነ እኔ ልናገርለት አልደፍርም።

ገንዘቡስ? ግብፅ በ2009 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ ላይ ፓውንዱን በገበያ ዋጋ እንዲንሳፈፍ ስትለቅቀው በአንድ ሌሊት ግማሽ ያህል ዋጋውን አጣ። ውሉ በፓውንድ የሆነ የውጭ ተጫዋች ለቤተሰቡ የሚልከው ገንዘብ እንደዚያው ተቆረጠ። ውል ሲፈረም ደመወዙ በምን ገንዘብ እንደሚጻፍ መጠየቅን ብዙ ኢትዮጵያዊ ተጫዋች የተማረው ከዚህ ወዲህ ነው ማለት ይቻላል።

የዓባይ ግድብ ጉዳይም አለ። ሽመልስ ግብፅ በነበረባቸው ዓመታት የሁለቱ አገሮች ጋዜጦች ስለ ዓባይ ያልጻፉበት ሳምንት አልነበረም። የመጀመሪያው የውሃ ሙሌት ሲከናወን እሱ እዚያው ነበር። ሰው «እንዴት አብሯቸው ይኖራል?» ብሎ ይጠይቃል። ከኳስ ተጫዋቾች የሚሰማው መልስ ብዙ ጊዜ አሰልቺ ነው፦ መልበሻ ክፍል ውስጥ የሚወራው ስለ ቅዳሜው ጨዋታ፣ ስለ ዘገየው ደመወዝና ስለ ጉልበት ሕመም ነው። አሰልቺነቱን እወደዋለሁ። ፖለቲከኞች ለሚያጋግሉት ጉዳይ ከዚህ የተሻለ ማቀዝቀዣ አላውቅም።

ለምን ቶሎ ይመለሳሉ?

የኢትዮጵያ ተጫዋች ወደ ውጭ መሄዱ ዜና ነው፤ ፎቶው ማሊያ ይዞ ይወጣል፣ ሰው «እንኳን ደስ አለህ» ይለዋል። ከስምንት ወር በኋላ ቦሌ ሲወርድ ግን ካሜራ የለም። ጋቶች ፓኖም በ2009 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ሩሲያው አንዚ ማካችካላ ሲሄድ የነበረውን ደስታ አስታውሱ፤ ቆይታው አጭር ነበር። አቡበከር ናስር በአንድ የውድድር ዘመን 29 ጎል አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ከሰበረ በኋላ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው፤ እሱን ደግሞ ጉዳት ተፈታተነው። ፍቅሩ ተፈራ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ደቡብ አፍሪካን አዳርሶ በጥቅምት 2007 ዓ.ም. ኮልካታ ላይ የሕንድ ሱፐር ሊግን የመጀመሪያ ጎል አስቆጥሯል። ያ ጎል በሕንድ እግር ኳስ ታሪክ ውስጥ ለዘላለም ተጽፏል፤ እኛ ዘንድ ስንቱ እንደሚያስታውሰው ግን እንጃ። በሴቶቹ በኩል ሎዛ አበራ ከስዊድን ወደ ማልታ፣ ኋላም ሐበሻ ከሞላባት ዋሽንግተን ወደሚገኘው ዲሲ ፓወር ተሻግራለች፤ እሷ ብቻዋን ሌላ ጽሑፍ ትወጣታለች።

የሚመለሱበትን ምክንያት የሚጠየቁት ሁሉ የተለያየ መልስ ይሰጣሉ። አሰልጣኞች ጉልበትን ያነሣሉ፤ ልጆቻችን ኳስ ሲይዙ ያምራሉ፣ ኳስ ሳይኖር መሮጥ ግን በልጅነት አልተማሩም ይላሉ። ወኪሎች ውሉን ይወቅሳሉ፤ ተጫዋቹ ሳያነብ ይፈርማል፣ የቤት ኪራይና የአውሮፕላን ትኬት ማን እንደሚችል ሳይጻፍ ይሄዳል፣ ሲደርስ ይጣላል። ደጋፊው ደግሞ አጭር መልስ አለው፤ «እናቱ ናፈቀችው» ይላል።

ሦስቱም እውነት አላቸው። እኔ ግን ብዙ ያልተወራበትን አራተኛ ነገር ከሁሉ አስቀድማለሁ፤ ሀገር ቤት ይከፍላል። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ሲወሰን፣ ጣሪያ ያስፈለገው ክፍያው ከዚያ በላይ ስለነጎደ ነው። ከጣሪያው በኋላም በጓሮ የሚከፈል አለ የሚለው ወሬ አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም። አንድ ኮከብ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት፣ መኪና፣ ስሙን የሚጠራ ሕዝብ አለው። ፋዩም ወርዶ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በማያውቀው ቋንቋ እየተሰደበ፣ ትንሽ የተሻለ ገንዘብ ከማግኘት ይልቅ መመለሱ ስንፍና አይደለም። ሒሳብ ነው። ያንን ሒሳብ አልቀበልም ብሎ የቀረው ሰው ነው ልዩ የሚሆነው።

ክለቦቹም ከዚህ ጉዞ የሚያገኙት ትንሽ ነው። የፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በዋጋ ሲሸጥ ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች እንዲከፋፈል ያዛል። የእኛ ውል ግን አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። ተጫዋቹ ውሉን ጨርሶ በነጻ ይሄዳል። የዜሮ 5 በመቶ ደግሞ ዜሮ ነው። ወጣት ሆኖ ሲሄድ የሚከፈል የሥልጠና ካሳም አለ፤ ያ ግን ልጁ በየትኛው ዓመት የት እንደተመዘገበ የሚያሳይ ሰነድ ይፈልጋል። ፊፋ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን ክፍያ በራሱ ማጣሪያ ቤት በኩል፣ በኤሌክትሮኒክ የተጫዋች ፓስፖርት ነው የሚያስኬደው። በደብተር የተመዘገበ የሰፈር ፕሮጀክት እዚያ ውስጥ የለም።

«ሀገር ቤት ይከፍላል። መመለሱ ስንፍና አይደለም፤ ሒሳብ ነው።»

ጥሪ ሲመጣ

የብሔራዊ ቡድን ጥሪ ሲደርስ ሽመልስ አብዛኛው ከሀገር ቤት ሊግ በሆነ ቡድን ውስጥ ከውጭ የሚመጣው ሰው ነበር። ጓደኞቹ ካምፕ ገብተው ሳምንታት አብረው ሲሠሩ፣ እሱ በክለቡ ጨዋታ ጨርሶ፣ የፊፋ መስኮት ሲከፈት በአውሮፕላን ደርሶ፣ ሁለት ቀን ልምምድ ሠርቶ ይሰለፍ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ቡድን የማይረብሸው ጨዋታው ቀላል ሲሆን ነው፤ ኳሱን ተቀብሎ ለባለቤቱ ሲሰጥ።

በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ኮትዲቯር 2 ለ 1 ስትሸነፍ አንዱን ሱራፌል ዳኛቸው፣ ሌላውን ሽመልስ ነው ያስቆጠሩት። መጋቢት 2013 ዓ.ም. ማዳጋስካር እዚያው 4 ለ 0 ስትረታም ከአራቱ አንዱ የእሱ ነው። ከስድስት ቀን በኋላ አቢጃን ላይ የሆነው ግን ማንም ደራሲ ቢጽፈው አንባቢ አያምነውም። ኢትዮጵያ 3 ለ 1 እየተመራች ሳለ ዳኛው በሕመም ወድቀው ጨዋታው ሳያልቅ ተቋረጠ። ተጫዋቾቹ ሜዳ ላይ ቆመው ከሌላ አገር ውጤት ይጠብቃሉ። ማዳጋስካርና ኒጀር 0 ለ 0 ተለያዩ፤ ኢትዮጵያ አለፈች። ከስምንት ዓመት በኋላ የአፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው በስልክ ወሬ ነው።

ካሜሩን ላይ የሆነው ብዙ አያስወራም። በኬፕ ቨርድ 1 ለ 0፣ በአስተናጋጇ 4 ለ 1 ተሸንፈን፣ ከቡርኪና ፋሶ 1 ለ 1 ወጣን። ከአምስት ወር በኋላ ሊሎንግዌ መጣ። ያ ድልም ወደ ኮትዲቯሩ ዋንጫ አላሻገረንም፤ በምድቡ የቀሩትን ጨዋታዎች አንዱንም ሳናሸንፍ ጨረስን።

መቻል

በ2016 የውድድር ዘመን ሽመልስ ወደ ሀገር ቤት ተመልሶ መቻልን ተቀላቀለ፤ የቀድሞውን መከላከያ። ሠላሳን ያለፈ አማካይ ነበር። ያገኘው ሊግ ትቶት የሄደው አልነበረም። ውድድሩን የሚመራው አክሲዮን ማኅበር ሆኗል፤ ጨዋታው በዲኤስቲቪ ለአህጉሩ ይተላለፍ ነበር፤ ክለቦቹ በየሜዳቸው በመዟዟር ፈንታ ተሰብስበው በአንድ ከተማ ይጫወቱ ነበር። ስለዚህ የመቻል ተጫዋች ከአዲስ አበባ ውጭ በሆቴል ወራትን ያሳልፍ ነበር። ይህን ከማንም በላይ የለመደ ቢኖር እሱ ነው።

መቻል በዚያ ዓመት ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር እስከ መጨረሻው ሳምንት ተናንቆ ሁለተኛ ወጣ።

ሻይ ቤት ውስጥ የሚነሣው ክርክር አሁንም አላለቀም፤ ከሀገር ቤት ሜዳ ተነሥቶ ውጭ ከተጫወተ ኢትዮጵያዊ ማን ይበልጣል? አብዛኛው ሳላዲን ይላል። አል አህሊን ለብሷል፣ አውሮፓ ደርሷል፣ ጎል አስቆጣሪ ነው። እኔ ሽመልስን እመርጣለሁ። የሳላዲንን ቁመት የሚያህል ተጫዋች ነገ ሊወለድ ይችላል። በአራት ክለብ፣ በባዶ ስታዲየም፣ ፓውንዱ ሲወድቅም ሲነሣም፣ አሰልጣኝ በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ራሱን እያስመረጠ ይህን ያህል ዓመት የሚቆይ ሁለተኛ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም። የሳላዲን ወገኖች በዚህ አይስማሙም። «መቃሳንና አህሊን በአንድ ሚዛን ታስቀምጣለህ?» ይሉኛል። አላስቀምጥም፤ መቃሳ ይከብዳል።